መልሱን ያዘለ ጥያቄ

ባለፈው ፋሲካ ጀውሃ አክስቴ ቤት ነበርኩ። በደሴ መንገድ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብላ ያለችውን ይህችን ከተማ የሚያውቅ ሙቀቷንም ያውቃል፤ ቀን ቀን ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ነው። በዚያ ጥላ ሥር የዘመዳችን የስምንት ዓመት ልጅ በሴቶች ተከብባ ቆማለች። (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።) ከሰሞኑ ሌሊት ትባንናለች፤ ወፍጮ ቤት ሲልኳት ታለቅሳለች።

"የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ነው? ነካሽ አይደል?" አለች አንዷ። ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ቆይታ ሌላዋ፣ "ወይስ የጎረቤቱ ልጅ ነው?" አለቻት። አሁንም "አዎ" አለች።

ደነገጥኩ። ማርኬቲንግ ክፍል ስለምሠራ የደንበኞች መጠይቅ አዘጋጃለሁ። "ምርታችንን ምን ያህል ወደዱት?" ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን አብሮ እንደሰጠ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው እንኳ የጠያቂውን ፊት አይቶ ይመልሳል። "ታላቅሽን እሺ በይ" እየተባለች ያደገች ልጅማ ምን ታድርግ?

"እትዬ፣ በቃ ይተዉአት" አልኩ።

"ታዲያ ዝም ልንል ነው?" አሉኝ አክስቴ ተቆጥተው።

ዝም አላልንም። መጀመሪያ የሄድነው ጤና ተቋም ነው። የወሲብ ጥቃት ከተጠረጠረ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና ጊዜ አይሰጥም። ከዚያ አዲስ አበባ የሕጻናት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት።

ባለሙያዋ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ የመጀመሪያው ቀን ስለ ፍየሎቿ በማውራት አለቀ። "እኔ እዚያ አልነበርኩም። የማታውቂውን 'አላውቅም' በይኝ፤ ከተሳሳትኩም አርሚኝ" ብላታለች። በሚቀጥለው ጊዜ የጠየቀቻት "የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ" እና "ከዚያስ?" ብቻ ነው። ስም አልጠራችላትም። መባነንም፣ አልጋ ላይ መሽናትም፣ የልጅ ሥዕልም ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነገረችኝ። የተኩስ ድምፅ የሰማ የእኛ አካባቢ ልጅ በዚያም ሊባንን ይችላል።

ፍርድ ቤትም ይህን ያውቃል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በልደታ የሕጻናት ችሎት፣ ተጎጂው ልጅ በተለየ ክፍል ተቀምጦ ችሎቱ በካሜራ ይከታተለዋል። ጥያቄውን በልጅ አንደበት የሚያቀርብለት ባለሙያ አጠገቡ አለ። ዳኞች እንዲህ የሚጠነቀቁለትን ልጅ ነው እኛ ጎረቤት ሰብስበን የምናፋጥጠው።

ልጅቷ የተናገረችውን አልጽፍም፤ የራሷ ነው። ጉዳዩን ሕግ ይዞታል። ይህን ብቻ ልበል፦ ጥላው ሥር ስማቸው ከተነሳው ሁለት ሰዎች አንዳቸውም የሉበትም። በአሥር ደቂቃ ሁለት ንጹሐን ወንጅለን ጥፋተኛውን ልናስመልጥ ነበር።

ልጅዎ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ከነገረዎት፣ "ስለነገርከኝ ጎበዝ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ይበሉት። ቃሉን እንዳለ ይጻፉት። ቀሪውን ጥያቄ ለባለሙያ ይተዉ።

አክስቴ አሁን ሲደውሉልኝ "ምን አለች?" አይሉም። "እንዴት ዋለች?" ነው የሚሉት።