በዋሺንግቶን ከተማ ስላሉ የምድር ቤት ሸክላዎች

ስለ ዋሺንግቶን ከተማ የጻፉ መንገደኞች ሁሉ ስለ ሸንጎው ቤት ጉልላት፤ ስለ ሊንከን ሐውልትና ስለ ፖቶማክ ወንዝ ጽፈዋል። እኛ ግን በዚያ ከተማ በተቀመጥንባቸው ሦስት ሳምንታት ከጉልላቱ ይልቅ ምድር ቤቱን አብዝተን ስላየን፤ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ስለ እርሱ ልንጽፍ ወደድን። ምድር ቤት ማለታችን በዚያ አገር ከመኖሪያ ቤቱ ሥር ተቆፍሮ የሚሠራውን፤ የልብስ ማጠቢያና ማሞቂያ፤ የተረሳም ዕቃ ሁሉ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው። ከ1979 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) ፐንክ የሚባለው የወጣቶች ሙዚቃ በዋሺንግቶን ሲስፋፋ፤ የተለማመዱትም፤ ድምፁንም የቀረጹት፤ ሸክላውንም አሽገው የላኩት በአብዛኛው በእንዲህ ባለ ክፍል ነበር።

ፐንክ በ1970ዎቹ እኩሌታ በኒው ዮርክ፤ ቀጥሎም በ1976 እና በ1977 በለንደን የተነሣ ሙዚቃ ነው። ዘፈኑ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ጊታሩ ይጮኻል፤ ከበሮው ይቸኩላል፤ ዘፋኙም ከማዜም ይልቅ ይፎክራል። በዜማ ቤት ያደገ ጆሮ መጀመሪያ ሲሰማው ይህ ምን ዓይነት ሁካታ ነው ማለቱ አይቀርም፤ እኛም ይህንኑ አልን። ይሁን እንጂ ደጋግሞ ለሰማው ሰው ከዘፈን ይልቅ ለፉከራ የቀረበ ነገር አለው። ፉከራ ለጆሮ እንዲያምር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነና ምን እንደማይቀበል እንዲታወቅ ነው እንጂ። ይህንንም የምንለው ከራሳችን አንቅተን ብቻ አይደለም። በ1979 በሆላንድ አገር የተቋቋመው ዘ ኤክስ የሚባል የፐንክ ጓድ ወደ አገራችን መጥቶ፤ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን በመጫወት ስመ ጥር ከነበሩት ከአቶ ጌታቸው መኩሪያ ጋራ ተባብሮ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን የሙዚቃ ስብስብ አውጥቷል። ያን ለሰማ ሰው የሆላንዶቹ ጩኸትና የአቶ ጌታቸው ሽለላ ባዕድ ለባዕድ ሆነው አይታዩትም።

ወደ ዋሺንግቶን እንመለስ። አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር፤ ይልቁንም ዐሥራ ስምንተኛው መንገድ፤ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ በዚህ መንገድ ላይ ምግብ ቤቶች ከፍተው የእንጀራና የወጥ ሽታ ለፈረንጁ አስለምደዋል፤ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ዘጠነኛው መንገድና ወደ ዩ መንገድ፤ ከከተማውም ወጥተው ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ሄዱ። በዚሁ መንገድ ላይ ማዳምስ ኦርጋን የሚባል የሥዕል ሠሪዎች ማኅበር ቤት ነበረ። በ1979 እና በ1980 የከተማው የፐንክ ወጣቶች በዚያ ቤት ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ በዚሁ ስም የሚጠራ መጠጥ ቤት ይገኛል፤ ነገር ግን የቀድሞው ማኅበር ቤት እርሱ አይደለም።

በዚያ ቤት ከተጫወቱት ሁሉ የገነኑት ባድ ብሬይንስ የሚባሉ አራት ጥቁር ወጣቶች ናቸው። አስቀድሞ ጃዝ የተቀላቀለበት ሙዚቃ ይጫወቱ ስለ ነበር ጣታቸው የሠለጠነ ነው፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይፈጥኑ ነበር። በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው በሸክላ ሳይሆን በካሴት ብቻ ነበረ። በብጫው ሽፋን ላይ መብረቅ ከሰማይ ወርዶ የሸንጎውን ቤት ጉልላት ሲመታ ተሥሏል። መንገደኛው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ያንኑ ጉልላት ነው! እኛ ግን ከመብረቁ ይልቅ ዐይናችን ያረፈው በቀለሙ ላይ ነው። እነዚህ ወጣቶች የራስ ተፈሪያንን እምነት ይዘው ስለ ነበር አረንጓዴ፤ ብጫና ቀይ ከእነርሱ አይለይም ነበር። ራስ ተፈሪያን ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚሉትን እኛ በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች አንቀበለውም፤ ንጉሡም ክርስቲያን ነበሩ። ነገር ግን ቅድመ አያቶቻቸው በሰንሰለት ታስረው ከአፍሪካ የተወሰዱ ልጆች፤ አይተውት የማያውቁትን አገር ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ለጩኸታቸው ልብስ ማድረጋቸውን ልባችን ሳይነካ ልናልፈው አልተቻለንም።

ሁለተኛው ነገር የአንድ አነስተኛ ሸክላ ታሪክ ነው። ቲን አይድልስ የሚባሉ፤ ገና ከትምህርት ቤት ያልራቁ ልጆች በ1980 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ አዳራሽ ሲጫወቱ፤ ዕድሜያቸው ለመጠጥ ስላልደረሰ አሳላፊው እንዳይሸጥላቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም የመስቀልያ ምልክት ተደረገባቸው። ልጆቹም ምልክቱን ወደ ከተማቸው ይዘው ገቡ፤ በእኛም አዳራሾች እንዲህ አድርጉብንና ሙዚቃውን እንስማ፤ መጠጡ ይቅርብን አሉ። ቆይቶ ምልክቱን በገዛ ፈቃዳቸው ይቀቡት ጀመር። ከእነርሱ ከሁለቱ የተቋቋመው ማይነር ስሬት የተባለው ጓድ በ1981 አንድ ደቂቃ በማይሞላ ዘፈን፤ መጠጥና የሚያደነዝዝ ነገር አንነካም ብሎ ዐወጀ። በፍርድ ቤት መዝገብ ሲጽፍ ለኖረ ሰው ይህ ነገር ያስገርማል። የሕግ ምልክት የተደረገበት ሰው ሲያፍርበትና ሲደብቀው ነው ያየነው፤ ተቀብቶት የሚኮራበት ግን አላየንም። የፐንክ ወጣቶች ሁሉ ጾመኞች ነበሩ ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም በተቃራኒው ነበሩ።

ቲን አይድልስ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይበልጡ ተበተኑ። ሲበተኑም ከጨዋታው የተጠራቀመ ስድስት መቶ ዶላር ያህል ነበራቸው። ገንዘቡን ተካፍለው ሊሄዱ ሲችሉ፤ መኖራችን እንዳይረሳ ብለው በምድር ቤት የቀረጹትን ስምንት ዘፈን በአንድ ትንሽ ሸክላ አሳትመው በ1980 መጨረሻ አንድ ሺህ ቅጂ አወጡ። ሽፋኑን በመቀስ ቆርጠው፤ አጥፈው፤ በሙጫ የለጠፉት በገዛ እጃቸው ነው። ለዚህ ሲሉ ያቋቋሙት ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ ከወንዙ ማዶ በአርሊንግተን ሥራውን ይዞ እስከ ዛሬ አለ። ድምፃቸው የተቀረጸበት ኢነር ኢር የተባለው ስቱዲዮ ያን ጊዜ በባለቤቱ መኖሪያ ምድር ቤት ነበረ፤ በኋላ ሰፊ ቤት አግኝቶ ብዙ ዘመን ከሠራ በኋላ በ2021 ተዘጋ፤ ያ ቤትም በኋላ ፈረሰ።

እነዚህን ነገሮች ያሳየን በዚያው አገር የተወለደው የእኅታችን ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞን በየሸክላ መሸጫው ይዞር ነበር። ሸክላዎቹ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደ መዝገብ ቆመው ተደርድረዋል፤ ገዥውም አንድ በአንድ እየገለጠ ያያቸዋል። የታወቁት በመስታወት ውስጥ ተቆልፈው ዋጋቸው ያስደነግጣል፤ የልጁ ደስታ ግን ከሣጥኑ ግርጌ ነበር። ስማቸው በየትም ያልተጻፈ፤ አንድ ጊዜ ጮኸው የጠፉ ሰዎች ሥራ በዚያ ይገኛል። ከነዚህ አንዱ ሽፋኑ በወረቀት ማባዣ ማሽን የተባዛ፤ ፊደሉ በእጅ የተጻፈ፤ ከአንዱ ገጽ ዘፈን ይልቅ የቡና ማፍያ ድምፅ የሚመስል ነገር የተቀረጸበት ነበረ። በሦስት ዶላር ገዛነው፤ ስለ ምን እንደዚያ እንደ ተቀረጸ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

«አጎቴ፤ እዚህ ላይ ይመልከቱልኝ» ብሎ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘነበለው። ዘፈኑ አልቆ መርፌው በባዶው በሚዞርበት ሥፍራ፤ ከመካከለኛው ወረቀት አጠገብ፤ የእትሙ ቁጥርና ከእርሱ ቀጥሎ በመርፌ የተጫረ አንድ የቀልድ ቃል ነበረ። አንዳንድ ቅጂ የመጀመሪያው እትም መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። የብራና መጽሐፍ ያየ አንባቢ ይህን ያውቀዋል። ጸሐፊው ድካሙን ጨርሶ በመጨረሻው ቅጠል ባዶ ሥፍራ ስሙን፤ የጻፈበትን ዘመንና የጸሎት ልመናውን በትንሹ ይጽፋል፤ ሊቃውንትም የመጽሐፉን ዕድሜ የሚፈልጉት በዚያ ነው። የፐንክ ልጆች ጸሎት አልለመኑም እንጂ ልማዱ አንድ ነው አልነው።

በቤት ግን ክርክር ነበረ። እኅታችን ወደ አነስተኛ ቤት ልትዛወር ስለ ነበር ምድር ቤቱን ባዶ ማድረግ ግድ ሆነ፤ የልጅዋም ሸክላ ሰባት ሣጥን ነበረ። «ጋሼ፤ እርስዎ ይፍረዱ እንጂ!» አለችን። «ይህ ልጅ የሠራበትን ገንዘብ በእብዶች ጩኸት ላይ ጨረሰው። ሥዕሉንስ አላዩትም? ለልጅ የሚሆን ነው?» ልጁ ግን ከሸክላው ይልቅ ስለ ሌላ ነገር አዘነ። እናቱ ከራስዋ ዕቃ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት የታሰረ አሮጌ የአማርኛ ካሴት ሁሉ፤ ማጫወቻው ተሰብሯል ብላ ለመጣል ከበር አስቀምጣው ነበር። «እማዬ፤ የኔን ጣዪው እሺ፤ ያን ግን እንዳትነኪ» አላት።

ከዚያም የአቶ ኃይሉ መርጊያን ነገር ነገራት። የዋሊያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ በመጣ ጊዜ ከባንዱ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ፤ አቶ ኃይሉም ከነርሱ አንዱ ነበሩ።  በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት አወጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ታክሲ ነዱ፤ መንገደኛ በሚጠብቁበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ይዘውት በሚዞሩት ትንሽ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት በባሕር ዳር ከሱቅ አግኝቶ፤ ባለቤቱን ፈልጎ፤ በ2013 በሸክላ አሳተመው። አቶ ኃይሉም እንደ ገና በየአገሩ አዳራሽ ይጫወቱ ጀመር፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ካሴቱ በባሕር ዳር ካንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ባይቆይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ፍርዱን እንድንሰጥ በተጠየቅን ጊዜ እማኝ ይሆነን ዘንድ ልጁ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ወደ ተሰየመው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ወሰደን፤ እናቱም አብራን መጣች። በዚያ ከ2014 ጀምሮ የከተማው የፐንክ ሸክላ፤ ለጨዋታ መጥሪያ የተለጠፈው ወረቀትና በእጅ የተባዛው ትንሽ መጽሔት ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ የጠየቀም ሰው እንዲያየው ይወጣለታል። እኅታችን አንዱን የተቀዳደደ ወረቀት፤ እንደ ውል ወረቀት በንጹሕ መያዣ ገብቶ ባየችው ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። በኋላ «ይህን ሁሉ ማን ሰጣቸው?» አለች። ልጁም «እንደ እኔ ያሉ ሰዎች፤ ከየምድር ቤታቸው» አላት።

ከሰባቱ ሣጥን አምስቱ ወደ አዲሱ ቤት ተወሰደ፤ ሁለቱ ግን በእኛ ፍርድ ተሸጠ፤ ድርብ የሆነውን ማስቀመጥ አያስፈልግምና። የካሴቱንም ከረጢት ከበሩ አነሡት። በዚያ ሌሊት ልጁ በእርሳስ እየጠመዘዘ የላላውን ክር ሲያጠነጥን፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ የየካሴቱን ዘፋኝ ስምና ካሴቱን የገዛችበትን ሱቅ ትነግረው ነበር፤ እርሱም በደብተር ይጽፍ ነበር።