ስለ ዘመድ ሒሳብና ስለ ቤት ገመና

በልጅነታችን ዘመን በጎጃም ገጠር ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ፊደል የቈጠረ ልጅ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፥ የመንደሩ ሰው ከተማ ካለው ልጁ ወይም ወታደር ቤት ካለው ወንድሙ የተላከለትን ደብዳቤ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይመጣበት ነበር። እኔም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ስመለስ ይህ ዕጣ ይደርሰኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ አብዛኛው ሰላምታ ነው፤ ከሰላምታው በታች ግን አንድ ሁለት መስመር ላይ የሰውየው ኑሮ ይገኛል። የተበደረው ገንዘብ፥ የተጣላው ዘመድ፥ ያላዳነው ሕመም እዚያ ተጽፎ ነበር።

መምህራችን ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሰብስበው እንዲህ ይሉን ነበር፤ «አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን አጥፋችሁ ለባለቤቱ መልሱ፤ ያነበባችሁትንም አብራችሁ መልሱ።» የፊተኛው ግማሽ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። የኋለኛው ግማሽ የገባኝ ግን ከስድሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደ ገባኝም ልንገራችሁ።

ዛሬ ደብዳቤ የሚያስነብብ ሰው ብዙ የለም፤ ሒሳብ የሚያስከፍል ግን ሞልቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ፥ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በየስልኩ ከዘረጉ ወዲህ፥ ለመብራትና ለውሃ ሒሳብ በመስኮት ፊት መሰለፍ ለብዙ ሰው ቀርቷል። የቀረው ግን ስልክ ለሚያውቅ ነው። የማያውቁ አያትና አክስት የደንበኛ ቁጥራቸውን፥ አንዳንድ ጊዜም ስልካቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ፥ ለልጅ ልጃቸው ያስረክባሉ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ሳለ፥ እኔ ራሴ ቁጥሬን በስልክ ድምፅ እያነበብሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ እንዲከፍልልኝ ለምኛለሁ። እንግዲህ በእኛ ልጅነት ደብዳቤ አንባቢው እንደ ነበረ፥ ዛሬም ከፋዩ የሰው ምስጢር በእጁ የሚገባ ሰው ነው።

የመብራት ሒሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ቁጥር ብቻ ይመስላል። የባለ ቈጣሪው ስም፥ ያለፈው ወር ንባብ፥ የዚህ ወር ንባብ፥ ልዩነቱ በኪሎ ዋት ሰዓት፥ የሚከፈለው ብር፥ ውዝፍም ካለ ውዝፉ። ነገር ግን ለሚመረምር ሰው ይህ ወረቀት የቤቱን አኗኗር ይናገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋገር ቈጣሪው ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። 10 ዋት የሆነች አምፖል ግን በየማታው አምስት ሰዓት ብትበራ በወር የምትፈጀው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ምጣዱ መቼ እንደ ቆመ፥ እንግዳ መቼ እንደ ከረመ፥ ቤቱ መቼ ባዶ እንደ ሆነ ከቁጥሩ መገመት ይቻላል። ፍጆታው ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ ቤት በዝቅተኛው ታሪፍ ስለሚከፍል፥ የታሪፉ እርከን እንኳ ብቻውን ወሬ ነው። በኪራይ ግቢ ውስጥ ደግሞ ለብዙ ቤት አንድ ቈጣሪ ስለሚሆን፥ የእያንዳንዱ ተከራይ ድርሻ በሁሉ ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰምቻለሁ።

በቋንቋችን ለዚህ ነገር ገመና የሚል ቃል አለ። ገመና ኃጢአት አይደለም፤ ወንጀልም አይደለም። ሰው በደጁ ሲወጣ ከኋላው የሚዘጋበት ኑሮው ነው።

ታላቅ እኅቴ በዘጠኝ ዓመት ይበልጡኛል፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በደብረ ማርቆስ፥ ከአብማ ማርያም ብዙ ሳይርቅ፥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን የደንበኛ ቁጥራቸውን በደብተር ቅዳጅ አስጽፈው፥ የአንድ ወር ብርም ቈጥረው፥ «እስቲ የመብራቱን ክፈልልኝ» አሉኝ። እዚያው ተቀምጬ ቁጥሩን በስልኬ ባስገባ ስማቸው ወጣ፤ ከስማቸው ጋራም የሦስት ወር ዕዳ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብኝም፤ ቁጥሩ ያለ እኔ ፈቃድ መጥቷልና። ነገር ግን እርሳቸው ቡና ሊያፈሉ ወደ ጓዳ በገቡ ጊዜ፥ በግድግዳው ምስማር ላይ የተሰኩትን የቀድሞ ወረቀቶች ማንም ሳይጠይቀኝ አገላበጥሁ። ፍጆታው ከሦስት ወር ወዲህ ከግማሽ በታች ወርዷል። የሒሳብ መምህር ስለ ነበርሁ ቀንሼ አካፍዬ ከአንድ ድምዳሜ ደረስሁ፤ «እትዬ ምጣድ መጣድ ትተዋል፤ ተርበዋል» አልሁ። ዕዳውን ሁሉ ከራሴ ከፈልሁ፤ ምንም አልነገርኋቸውም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን በስልኬ ያነሣሁትን የወረቀቱን ፎቶግራፍ የቤተ ዘመዱ ማኅበር ወዳለበት የቴሌግራም ገጽ ላክሁት። ከበታቹም «እትዬ ምጣድ ካቆሙ ሦስት ወር ሆናቸው፤ ልጆች ነቃ በሉ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ገጽ ላይ ከደብረ ማርቆስ እስከ አሜሪካ ድረስ ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው ነበረ።

ያን ጊዜ ርኅራኄ ነው ብዬ ነበር። ርኅራኄም ነበረበት። ነገር ግን ዘመዶቼ «ተባረክ፥ አንተ ባትኖር ማን ያይላቸው ነበር» እያሉ ሲጽፉልኝ ደስ እያለኝ ደጋግሜ ማንበቤን አልክድም።

ብሩ በማግስቱ መጣ። ከብሩ ጋራ ግን ሌላ ነገር ተከተለ። እትዬ አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ልጅ አላቸው፤ በየወሩ ገንዘብ እንደሚልክላቸው ለዘመድ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ልጁ ግን ከሥራ ወጥቶ ኖሯል። እትዬ የሸፈኑት የራሳቸውን ችግር ሳይሆን የልጃቸውን ነበር፤ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በዘመድ ፊት ቀና ብሎ እንዲሄድ ብለው ነው። የእኔ ፎቶግራፍ ያንን ሁሉ ገለጠው። አንዱ አጎት ደውሎ «እናትህን በጨለማ አስቀምጠህ» ብሎ ሰደበው። ልጁም እናቴ አማችኝ ብሎ ስላሰበ ለብዙ ጊዜ ስልክ ሳይደውልላቸው ቀረ።

ይህን ሰምቼ ብሄድ እትዬ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ግባ አላሉኝም። «ክፈልልኝ አልሁህ እንጂ ክፈትልኝ አላልሁህም» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለውም «ደግሞም አልተራብሁም። ለአንድ ሰው ምጣድ ማስማት ብክነት ነው ብዬ እንጀራ ከጎረቤት እገዛ ነበር» ብለው በሩን ዘጉት። አያችሁ፤ ቁጥሩን ያነበብሁት በትክክል ነበር፤ ቤቱን ግን ተሳስቼ አነበብሁት።

በኋላ፥ እንደ መምህር ልማዴ፥ ሕጉ ምን ይላል ብዬ ፈለግሁ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን እንኳ፥ ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰው ደብዳቤ ምስጢርነት እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በምስጢር የተጻፈለትን ደብዳቤ ተቀባዩ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጥ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ጥበቃውን ወደ ስልክና ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አስፋፍቶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። ከአዋጁ መሠረቶች አንዱ፥ ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ማድረግ ነው። መቼም የእኅቱን ሒሳብ ለዘመድ ያሳየን ሽማግሌ ችሎት ፊት የሚያቆም ሰው አይገኝም። ነገር ግን «ለመክፈል የተሰጠህ ለመክፈል ብቻ ነው» የሚለውን ሐሳብ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ባየሁት ጊዜ፥ የመምህሬ ድምፅ መሰለኝ።

በጀርመን አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስለዚህ ነገር ስንጫወት ያጋጠመውን አጫወተኝ። የታመሙ አማቱን የጋዝ ሒሳብ ሊከፍል ወደ ድርጅቱ ደውሎ ዕዳው ስንት እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ጸሐፊዋ «ገንዘብዎን መቀበል እችላለሁ፤ ስንት እንዳለባቸው ግን ያለ እርሳቸው ውክልና ልነግርዎ አልችልም» አለችው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ጥብቅ ነው። ልጁ ተናዶ «ልክፈል ባልሁ ምን አጠፋሁ» እያለ ነበር የነገረኝ። ከዚህ ቀደም ቢሆን እኔም አብሬው በፈረንጅ ድርቅና እስቅ ነበር። አሁን ግን ያች ጸሐፊ ያላየቻቸውን አሮጊት ገመና ከራሳቸው አማች እንኳ መከደኗ አስቀናኝ።

ሆኖም እንደ ጀርመኗ ጸሐፊ እንሁን ማለቴ አይደለም። በአገራችን ዘመድ ያልጠየቀውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? የታመመ ሰው መብራቱ ሊቈረጥ ሲል፥ ወይም አንድ አታላይ በስልክ የአሮጊቷን የምስጢር ቁጥር ሲጠይቅ፥ ያየ ሰው ዝም ሊል አይገባውም። እኔ የተሳሳትሁት በመናገሬ ሳይሆን መጀመሪያ የነገርሁት ሰው እትዬ ባለመሆናቸው ነው። ቡናው ሲፈላ «እትዬ፥ የሦስት ወር ነው የሚለው፤ ምን ላድርግ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፥ ወይ እውነቱን ይነግሩኝ ነበር፤ ወይም «አንተ ክፈልና ዝም በል» ይሉኝ ነበር። ሁለቱም መልካም ነበር።

ስለ ስልኩ ነገር አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህ ከወረቀቱ ይብሳል። የአያታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ ስትከፍሉ፥ ከ127 የሚመጡት መልእክቶች ማን እንደ ላከላቸው፥ ስንት እንደ ላከ፥ ስንት እንደ ቀራቸው ተራ በተራ ያሳያሉ። ጣት ወደ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተ ያለፈው ዓመት ሁሉ ይመጣል። የምስጢር ቁጥሩን ራሳቸው እንዲነኩት እጃቸውን ይዞ ማስተማር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ ለእትዬ ሳስተምር ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሱቅ ሄደው ቁጥሩን ለባለ ሱቁ ጮክ ብለው ከመናገር ግን ይሻላቸዋል።

እትዬ በሩን የከፈቱልኝ በፋሲካ ነው። ልጃቸውም ሥራ አግኝቶ መጥቶ ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅሁት በሁለቱም ፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ሲሰጡኝ እከፍላለሁ፤ ደረሰኙን ለእርሳቸው ብቻ እልካለሁ፤ ፎቶግራፉንም ከስልኬ እሰርዛለሁ። ደውዬ «ተከፍሏል» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «እሺ» ብለው ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት በቤታቸው ተቀምጬ አነበብሁላቸው። ሁለት ቦታ ላይ «ይህን አውጣው» አሉኝ። ልጃቸውም አንድ ቦታ አስወጣኝ። ሦስቱንም አውጥቻለሁ።