የእንግዳው በር

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ በርና ስለ ጥቂት የላሉ ቪቴዎች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛም ትንሽ መስሎን ነበር።

መተማ ዮሐንስን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከእኛ ከተማ ተነስቶ ትንሿን ድልድይ የተሻገረ ሰው ጋላባት ላይ፣ የሱዳንን ምድር ረገጠ ማለት ነው። ገበያችን፣ ሰሊጣችን፣ ጋብቻችን ሳይቀር ከማዶ ጋር የተሳሰረ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በካርቱም ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙ ሺህ ሰው በዚሁ በኩል ወደ ሀገራችን ገባ። ከእነዚያ መካከል ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በግቢያችን ካለችው ትርፍ ክፍል አረፉ። ባልየው ዕድሜያቸው የገፋ፣ በኦምዱርማን በእንጨት ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቻችን ሱዳኖች ባለሙያን በሚጠሩበት አጠራር «ኡስታ» አሏቸው፤ እኛም በዚያው ጸናን።

የክፍሏ በር ከአባቶቻችን የቀረ፣ ከባድ የዋንዛ በር ነው። ማጠፊያው በየዘመኑ ስለተቀያየረ ጠርዙ በቀዳዳ ተበሳስቷል። አንዱ ባለሙያ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ሰርስሮታል፤ የቀድሞውን ቀዳዳ የደፈነ ግን አልነበረም። እንግዶቻችን በገቡ በሁለተኛው ወር በሩ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ ወለሉንም ይፍቅ ጀመር። የኡስታ ባለቤት በትሕትና፣ ቅሬታ እንዳይመስልባት እየተጠነቀቀች ነገረችን።

እኛም መዶሻችንን ይዘን ሄድን። የላሉትን ቪቴዎች ነቀልን፣ በሰፉት ቀዳዳዎች የክብሪት እንጨት ጎሰጎስን፣ ወፈር ያሉ ቪቴዎችን በካቻቢቴ ማጥበቁ ሲያታክተን እንደ ሚስማር በመዶሻ መታናቸው። በሩብ ሰዓት ጨርሰን «በቃ፣ ተስተካክሏል» ብለን ተመለስን። ኡስታ ቆመው ይመለከቱ ነበር። «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩም።

አንድ ነገር እንናዘዝ። በዚያው ሰሞን የራሳችን የሳሎን በር ተበላሽቶ ነበር። ለእርሱ አናጢ ጠርተን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ገንዘብ ከፍለን በወጉ አሠራን። ሁለቱን በሮች ያኔ አላነጻጸርናቸውም።

ነሐሴ ላይ፣ የቆላው ዝናብ ከነፋስ ጋር በሚወርድበት ወቅት፣ ከመግሪብ በፊት ከእንግዶቻችን ክፍል ታላቅ ድምፅ ሰማን። ሮጠን ስንደርስ በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወድቋል። ከሥሩ የትንሿ ልጅ ሉሕ ለሁለት ተሰብሮ አየን። ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ ስትቀራ ቆይታ፣ ለውዱእ ውሃ ልትቀዳ የተነሳችው ገና አሁን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አተረፋት። እናቲቱ ግን ልጇን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ አፋችን ተሳሰረ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ወደ ኡስታ ሄደን «ያን ቀን ስንጠግነው ጥፋቱን አይተውት ነበር?» ብለን ጠየቅን። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «አይቻለሁ» አሉ። «ታዲያ ምነው ዝም አሉን?» ብንላቸው፣ «ያስጠጋኝን ሰው እጅህ አያምርም ልበለው? ያለ ቤት ስቀር ቤት ሰጣችሁኝ» ሲሉ መለሱልን። ከወደቀው በር ይልቅ ይህ ቃል ከበደን። እኛ ችላ ያልነው፣ ተናግሮ ሊያሳፍረን የማይደፍር ሰው መሆኑን በልባችን እናውቅ ስለነበረ ነው። ለራስ የሚወደደውን ለወንድም መውደድ የኢማን አካል መሆኑን በልጅነታችን በመድረሳ ተምረን፣ በቪቴ ላይ ግን ዘነጋነው። አውፍ እንዲሉን ለመንናቸው፤ አውፍ አሉን። ቀጥለውም «ኑ፣ አብረን እንሥራው» አሉ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያ ምክንያቱን አስረዱን። ቪቴ የሚይዘው ጥርሱ የእንጨቱን ጭረት ነክሶ ነው። ጭረቱ አንዴ ከተቀደደ የሚነክሰው የለም። ወፍራም ቪቴ ለጊዜው ቢይዝ እንኳ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። በመዶሻ የተመታ ቪቴ ደግሞ የቀረውን ጭረት ይበጣጥሳል። ያለ ኮላ የተጎሰጎሰ የክብሪት እንጨትም በክረምት እርጥበት ያብጥና በበጋ ሲደርቅ ይላላል። እንደ መተማ ባለ፣ በጋው እሳት፣ ክረምቱ ውሃ በሆነበት ቆላ ደግሞ እንጨት በየዓመቱ ማበጡና መኮማተሩ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ተግባር ገቡ። የተበላሹትን ቀዳዳዎች በመሰርሰሪያ አስፍተው ክብና ንጹሕ አደረጓቸው። ከደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ውታፍ ጠረቡ። የውታፉ ጭረት ከበሩ ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርገው ነበር የቆረጡት፤ ቪቴ ከጭረቱ ጎን ሲገባ አጥብቆ ይይዛል፣ በጭረቱ ጫፍ ሲገባ ግን በቀላሉ ይነቀላልና። ውታፉን ኮላ ቀብተው አስገቡና «እስከ ነገ ማንም አይንካው» አሉ። የማንጠቀምባቸውን የድሮ ቀዳዳዎችም ሳይቀር ደፈኑ፤ ክፍት የቀረ ቀዳዳ እርጥበትና ምስጥ ይጋብዛልና። በማግስቱ የተረፈውን በመሮ አስተካክለው ከቪቴው የቀጠነ ቀዳዳ በሱ፤ ቪቴውን ሻማ አስነክተው በእጅ አጠበቁ፤ ሲጠነክርም አቆሙ። «ከዚህ በላይ ማጥበቅ መልሶ ማላላት ነው» አሉን።

በዚያው ሰሞን በኖርዌይ የሚኖረው ወንድማችን ደውሎ ነበርና ታሪኩን ብንነግረው ሳቀ። እርሱ የሚሠራው በበረዶ ላይ መንሸራተቻ በሚጠገንበት ሱቅ ነው። መንሸራተቻው ረጅም ቀጭን ጣውላ ሲሆን፣ ጫማውን የሚይዘው ብረት በቪቴ ይታሰርበታል። ይህ ስፖርት ለሀገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ታዲያ ወንድማችን እንደሚለው፣ ጫማ ሲቀየር ብረቱ ተነቅሎ በሌላ ቦታ ይታሰራል። ያኔ የድሮው ቀዳዳ በውታፍና በማጣበቂያ ይደፈናል፤ ካልተደፈነ የቀለጠ በረዶ ገብቶ የውስጡን እንጨት ያበሰብሰዋል። አዲሱ ቀዳዳም ከድሮው ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ከተጠጋ ሁለቱ ይገናኙና ቪቴው የሚይዘው ያጣል። ሰው ቁልቁል በሚንሸራተትበት ሰዓት ብረቱ ቢነቀል ጉዳቱ ቀላል አይደለም። «ደንበኛው ሥራዬን አያየውም፤ ብረቱ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ» አለን። ሱብሐነላህ! በበረዶ ሀገር ያለው ወጣትና ከኦምዱርማን የተሰደዱት አዛውንት ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አስተማሩን።

ለልጅቷ አዲስ ሉሕ አሠራንላት። ኡስታ ደግሞ በሩን ከሰቀሉ በኋላ ትንሿ ልጃቸው ራሷ መድረስ በምትችልበት ቁመት መቀርቀሪያ ገጠሙለት። የመጀመሪያውን ምሽት ልጅቷ ከውስጥ ስትቀረቅር፣ ስትከፍት፣ እንደገና ስትቀረቅር ድምፁ እስከ ሳሎናችን ይሰማን ነበር። ማንም «ተይ» አላላትም።

ውድ ቤተሰቦች! በየቤታችን እንግዳ፣ ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የቲም ልጅ ይኖራል። የጎደለባቸውን ደፍረው ላይነግሩን ይችላሉ። ዝምታቸውን እንደ ምስክርነት አንቁጠረው፤ በራቸውን ራሳችን ሄደን እንየው።

አላህ (ሱ.ወ) የተሰደዱትን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ እስከዚያው ከእኛ ዘንድ የሚዘጉትን በር የሚጸና ያድርግልን። አሚን።