ቋንቋ ይጠናል፣ ዘር ግን አይጠናም

በእኛ በሀብሩ ወረዳ የመርሳ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው ከጤፉና ከማሽላው ላይ ቀንሶ ነው። «ተማር፣ ራስህን ቻል» ይለዋል። በ2004 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ያ ተስፋ ከደጃፉ የደረሰ ያህል ሆኖ ነበር። ለመሆኑ ዲግሪ የያዘ ሁሉ በሥራው ዓለም እኩል ይራመዳልን?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። የነጭ ስም የተጻፈባቸው የጥቁር ስም ከተጻፈባቸው በ50 በመቶ የበለጠ የቃለ መጠይቅ ጥሪ አገኙ። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ማመልከቻው የተሻለ ችሎታና ልምድ ሲያሳይ የነጩ ዕድል በግልጽ ሲጨምር የጥቁሩ እምብዛም አለመጨመሩ ነው።

በእኛ አገር ሚዛኑን የሚያዛባው የቆዳ ቀለም ሳይሆን ብሔር ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ ተወዳድሬ፣ በነጥብ በሰፊው ብመራም፣ ኃላፊው «የብሔር ተዋጽኦው አልፈቀደም» ብሎ አሰናብቶኛል። ሕጉ ግን እንዲህ አላለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999፣ እርሱን የተካውም አዋጅ ቁጥር 1064/2010፣ ሥራ ፈላጊዎችን በብሔር መለየትን ከልክለው ነበር። አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ የፈቀዱት ውጤት እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ይህን ቅድሚያ አልቃወምም፤ የምቃወመው በቃል የሚነገረውን፣ ወሰን የሌለውን ነው።

ይሁንና ፍርድ ከራስ ይጀምራል። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አማርኛ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታው ልጅ በሁለተኛ ቋንቋው እየተፈተነ ከእኛ ልጅ ጋር ይወዳደር ነበር። ሸክማቸው እኩል አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ክልሎች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ እንዲወስኑ መፍቀዱ ለዚህ በደል አንድ ምላሽ ነበር። ስለዚህ ከወልድያ የተመረቀች ነርስ አዳማ ላይ ኦሮምኛ፣ ከከሚሴ የሄደ ባለሙያም ባሕር ዳር ላይ አማርኛ ቢጠየቅ ቅር አይለኝም። ቋንቋ ይጠናል፤ ዘር ግን አይጠናም። ሰው ጥሮ ሊያሟላው የሚችለውን መጠየቅ መመዘኛ ነው፤ በልደት ብቻ የሚገኘውን መጠየቅ ግን በር መዝጋት ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶች የተወዳዳሪዎችን ነጥብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉ፤ በነጥብ ያነሰው ሲመረጥም ምክንያቱን በጽሑፍ ያስታውቁ። አለበለዚያ የመርሳው ገበሬ፣ የከሚሴውም ሆነ የአዳማው አባት፣ ልጁን «ተማር» ማለቱን ትቶ «ዘመድ ፈልግ» ይለዋል። ያን ጊዜ የምትከስረው አገር ናት።