በድሬዳዋ ከተማ የታደሰው አሮጌ ፍሬዛ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ግን ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነበር። ለባቡሩ ጥገና የቆመው ሰፊ ጋራዥም ለብዙ ሰው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆነ። ስለዚህ በድሬዳዋ መንደሮች ውስጥ ብረት ቈርጦና አስተካክሎ የሚያድር ባለሙያ ዛሬም አይታጣም።

ባለፈው ጥር ወር ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱን ለመጐብኘት የዛፍ ጥላ ከሞላበት ከከዚራ ተነሥቼ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ መጋላ አለፍሁ። ደቻቱ በአብዛኛው ወራት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውም መኪና በዚያ ሌሊት ጭቃ የዋጠው ነው።

መኪናው በሠራተኞች ዘንድ ፍሬዛ ይባላል። በቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው የሚቈረጠው ብረት ሲሆን፣ በፍሬዛ ላይ ግን የሚሽከረከረው ስለቱ ነው፤ ብረቱ በጠረጴዛው ላይ ታስሮ ወደ ስለቱ ይቀርባል። ባለቤቱ ከባቡር ጋራዥ በጡረታ የተሰናበቱ ሽማግሌ ናቸው። ከጎርፉ በኋላ ዐይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ፣ መኪናውን ሸራ አልብሰው በጓሮ ተዉት። ወደ 10 ኩንታል የሚመዝነው ብረት እንዲሁ ዓመታት አለፉበት።

በኋላ የልጅ ልጃቸው ከሙያ ትምህርት ቤት ወጣ። ወጣቱ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰው አምጥቶ፣ መኪናው በኪሎ ተመዝኖ ይሸጥና ገንዘቡ ለባጃጅ መግዣ ይሁነኝ ሲል አያቱን ለመነ። ሽማግሌው አልተቈጡም። «ልጄ፣ ዝገት ሌላ ነው፣ ማለቅም ሌላ ነው። አንድ ወር ስጠኝና አብረን እንመርምረው። ያለቀ ሆኖ ካገኘነው ራሴ እሸጥልሃለሁ» አሉት። ወጣቱም እሺ አለ።

ሥራውን የጀመሩት መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ በማንሣትና የፈቱትን ብሎን ሁሉ በየቆርቆሮው ለይቶ በማስቀመጥ ነው። ጭቃውን በእንጨትና በብሩሽ ጠረጉት። ወጣቱ በአየር መንፊያ ሊያጸዳው ቢያስብም አያቱ ከለከሉት፤ አየሩ አሸዋውን ጠረጴዛው ወደሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ይነዳዋልና። ከዚያ ዝገቱን በላምባ አራስው፣ በነሐስ ብሩሽና በጠፍጣፋ ስለት ቀስ እያሉ ፋቁት። የብርጭቆ ወረቀት ወደ ሐዲዱ እንዲጠጋ ግን አልፈቀዱም፤ ሐዲዱን የሚያስተካክለው ልክ እንጂ ብልጭታ አይደለምና።

ዝገቱ ሲነሣ በሐዲዱ ጫፍና ጫፍ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደሩ ጥቃቅን ጭረቶች ታዩ። እነዚህ ጭረቶች ሐዲዱን በእጁ እየፋቀ ያስተካከለው ሠራተኛ የተዋቸው ምልክቶች ናቸው፤ ዘይትም ይይዛሉ። ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ በሚመላለስበት በመካከሉ ግን ጠፍተው ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰሱና «ጎርፉ የበላው ላዩን ነው፤ ይኼንን መካከሉን የበላው ግን ሥራ ነው» አሉ።

ትልቁ ጉዳት የተገኘው ከማይታይ ቦታ ነው። ዘይት የሚተላለፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች በደረቀ ግራሶ ተደፍነው ነበር። ከጎርፉ በፊት አንድ ሠራተኛ መልካም ያደረገ መስሎት፣ በዘይት ፋንታ ግራሶ ሲሞላባቸው ኖሯል። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተወልውለው ዘይት እስኪያንጠባጥቡ ድረስ አራት ቀን ፈጀ። የዛጉት ኩሽኔታዎች ተለወጡ፤ ሞተሩም ተፈትቶ ከደረቀና በኤሌክትሪክ ባለሙያ ከተመረመረ በኋላ ተመለሰ። በመጨረሻ እንደ ሰዓት ገጽ ያለ መለኪያ በስለቱ መያዣ ላይ አስረው በጠረጴዛው ላይ እያዞሩ፣ ራሱ ቀጥ ብሎ መቆሙን በሚሊሜትር መቶኛ ለኩ።

መኪናው እንደ አዲስ ሆነ ማለት ግን ውሸት ይሆናል። እጀታው ወደ ኋላ ሲመለስ ጠረጴዛው ወዲያው አይንቀሳቀስም፤ ጠመዝማዛውና ዳዶው ተበላልተው በመካከላቸው ክፍተት ተፈጥሯል። ወጣቱ በዚህ አዘነ። አያቱ ግን «የታወቀ ጉድለት አይጎዳም። ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ እየገፋህ ለካ» አሉት።

እኔ በደረስሁበት ቀን የመጀመሪያው ሥራ መጥቶ ነበር። አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ መዘውሩ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው፣ ማጥበቂያው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ እንዲወጣለት ዘንጉን ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌው ዐይናቸው ስለማያደርስ ወንበር ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ ይከታተሉ ነበር። ስለቱ ብረቱን ሲነካ ድምፁ ሻከረ፤ እርሳቸውም «ቀስ በል» አሉ። ወጣቱ ግፊቱን ሲቀንስ ድምፁ ተስተካከለ። ቁልፉ በቦዩ ውስጥ ሲገጥም ምንም አልተነቃነቀም።

ባለ ወፍጮው ከፍሎ ከሄደ በኋላ ወጣቱ የብረቱን ፍቅፋቂ ጠረገ፣ ሐዲዱን ወለወለ፣ ዘይትም ቀባ። ማንም አላዘዘውም። ስለ ባጃጁ ብጠይቀው እየሣቀ «አሁንም እፈልገዋለሁ፤ ነገር ግን የሚገዛው ይህ ነው» ብሎ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገው።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይባላል። በየጓሮው ሸራ ለብሶ የተቀመጠ መኪና ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ያለቀውንና የተረሳውን ለመለየት፣ ከሚዛኑ በፊት ብሩሽና ላምባ ማቅረብ ይገባል።