ከጎጆው ወለል ስር የተኛችው ጃርት

በእንግሊዝ አገር ክረምት ሲባል እንደኛ የዝናብና የጭቃ ወራት እንዳይመስላችሁ። እኛ በሰኔ የምንቀበለውን ክረምት እነርሱ በጋ ይሉታል፤ የእነርሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቀው ብርድ ነው። እኛ በምንኖርባት የበርሚንግሃም ከተማ በታኅሣሥ ፀሐይ ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ትወጣና ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዙሁር ተሰግዶ ሻይ ሳይፈላ ዐስር ይደርሳል፤ ዐስር ተሰግዶ ከምንጣፉ ሳይነሱ መግሪብ ነው ማለት ይቻላል። ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ይህ የቀኑ እጥረት ነው።

ቤቶቹ ከቀይ ጡብ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው እንደ ባቡር ፉርጎ የተሰለፉ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት ከኋላው ጠባብና ረዥም ጓሮ አለው። የእኛ ጓሮ ወርዱ ስድስት እርምጃ፣ ርዝመቱ ሃያ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በመጨረሻው ጥግ ወለሉ በጡብ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ አሮጌ የእንጨት ጎጆ ቆሟል፤ አካፋና ያረጀ ብስክሌት እናስቀምጥበታለን። ከበስተጀርባው እሾሃማ ቁጥቋጦ ገብቶበታል። ከጎረቤት ግቢ የተዘረጋው ትልቅ ዛፍ በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉን ሁሉ እኛ ላይ ያራግፋል። ለዓይን የማይማርክ ስፍራ ነው። ያቺ እንግዳ የመረጠችው ግን ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የተሰማን በ2024 (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። በስተግራ ያሉት ጎረቤታችን ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እንግሊዛዊት ሴት ናቸው። መጥረጊያ ይዘን ቅጠሉን ስንሰበስብ አይተው በአጥሩ ላይ ተጣሩና «እባካችሁ፣ የጎጆውን ዙሪያ ተዉት፤ ሌሊት ሌሊት ጃርት ቅጠል በአፏ እየያዘች ከስሩ ስትገባ እያየሁ ነው» አሉን። መጥረጊያውን አስቀመጥን። በማግሥቱ ሌሊት መብራት አጥፍተን በኩሽናው መስኮት ስንጠብቅ እውነትም አንዲት ድቡልቡል ነገር ቅጠል በአፏ አጭቃ፣ እየተንጎደጎደች ከጎጆው ስር ገባች። ወጥታ ደግሞ ሌላ ወሰደች።

ከደሴ ለጥየቃ መጥተው ከእኛ ጋር የነበሩት የልጆቹ አያት ግን አላመኑም። ጃርትን የሚያውቁት ሌሊት ማሳ ገብቶ ድንችና በቆሎ የሚያወድም የገበሬ ጠላት አድርገው ነው። «ይህቺ ጃርት ከሆነች ገና ግልገል ናት» አሉ። እውነትም በአማርኛ ሁለቱንም ጃርት እያልን ስለምንጠራቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። የአገራችን ትልቁ ጃርት ከአይጥ ወገን ነው፤ እስከ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ እሾሁም ከክንድ እኩሌታ የሚበልጥ አለው። የእንግሊዟ ትንሽ ጃርት ግን ጠግባ ብትከብድ ከ1 ኪሎ እምብዛም አትዘልም። ምግቧ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና የምድር ትል ነው። በጀርባዋ ላይ አምስት ሺህ የሚያህሉ አጫጭር እሾሆች አሉ። ስትፈራ አትሮጥም፤ በጀርባዋ ዙሪያ ያለው ጡንቻ እንደ ከረጢት ገመድ ሲሸመቀቅ ፊቷና እግሮቿ ወደ ውስጥ ገብተው ኳስ ትሆናለች። ዐረቦች ቁንፉዝ የሚሏት የዚችው ወገን ናት።

የዚህች ወገን የሆኑ ትንንሽ ጃርቶች በእኛም አገር አሉ። እንዲያውም አንደኛዋ፣ በሰሐራና በዐረብ ምድር በረሃዎች የምትኖረው ጆሮ ረዥሟ፣ በሳይንሳዊ ስሟ «ኤቲዮፒከስ» ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ጀርመናዊው ኤረንበርግ ነው፤ የዚያ ዘመን ሊቃውንት ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ነበር። ይህቺ የበረሃ ጃርት እንኳ በዐረብ ምድር በቀዝቃዛዎቹ ወራት ትተኛለች። በሳዑዲና በኳታር የምትኖሩ ወገኖቻችን ሌሊት በመንገድ ዳር አይታችኋት ይሆናል።

ወደ ጓሯችን እንመለስ። በኅዳር አጋማሽ ላይ ጃርቷ መታየት አቆመች። እንቅልፏ ግን እኛ የምንተኛው ዓይነት አይደለም። ነቅታ ሳለች በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል የሚመታው ልቧ ወደ 20 ይወርዳል። 35 ዲግሪ የነበረው የሰውነቷ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይቀዘቅዛል። ትንፋሿም እጅግ ይራራቃል፤ በእጁ የዳሰሳት ሰው ሞታለች ብሎ ሊቀብራት ይችላል። የሰበሰበችው ቅጠልም እንዲሁ የተከመረ አይደለም። ውስጡ ገብታ እየተሽከረከረች ስትጫነው ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ ገጾች አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፍና ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ቤት ቢገዛላትም ዋናውን ሥራ የሚሠራው ቅጠሉ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ ስንነግር ትንሹ ልጃችን እንባው መጣ። «ውጭ በረዶ ነው፤ ለምን አናስገባትም? ማሞቂያው አጠገብ ካርቶን ውስጥ ትተኛ» አለ። ሐሳቡ የደግ ልጅ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም ያስቡታል። ነገር ግን ጤነኛዋን የተኛች ጃርት ሙቀት ውስጥ ማስገባት እርሷን መጉዳት ነው። ሙቀት ሲነካት ትነቃለች። ለመንቃት ደግሞ በትከሻዋ አካባቢ ያጠራቀመችውን ልዩ ስብ ለሰዓታት ማቃጠል አለባት። በራሷም ጊዜ በብርዱ ወራት መካከል ደጋግማ ትነቃለች፤ አንዳንዴም ጎጆ ትቀይራለች። የተመደበላት ስንቅ ግን ለዚያ ብቻ የሚበቃ ነው። ያለ ጊዜዋ በቀሰቀስናት ቁጥር የመጋቢትን ስንቅ በታኅሣሥ አስበላናት ማለት ነው፤ በታኅሣሥ ውጭ ወጥታ የምትለቅመው ጥንዚዛ ደግሞ የለም። በእንቅልፏ ብቻ እንኳ ከክብደቷ ሲሶ ያህሉን ልታጣ ትችላለች።

አያታቸው ይህን ሲሰሙ «አራት ወር ሙሉ አፏ እህል ሳይነካው?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልናቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ወደ ጓሮው ሲያዩ ቆዩና «የክፉ ቀን ብልሃት ነዋ!» አሉ። ክፉ ቀንን በወሎ ያዩ ሰው ናቸውና ነገሩ ከእኛ ይልቅ ለእርሳቸው ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎጆው ዋና ጠባቂ እርሳቸው ሆኑ።

ታዲያ የእኛ ሥራ ምን ነበር? ጥቂት ነው። ከጎጆው አጠገብ ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን አስቀመጥን፤ ሲረጋ በረዶውን እንሰብራለን። ከነቃች እንድትቀምሰው የድመት ምግብ በትንሹ እናቀርባለን፤ በሱቁ ከተደረደረው ውስጥ የዶሮ የሆነውን እየመረጥን። ወተትና ዳቦ ግን አይሰጣትም። ጎረቤታችን በልጅነታቸው በገጠር ለጃርት ዳቦ በወተት ነክረው ያስቀምጡ እንደነበር አጫውተውናል፤ በዚያ ዘመን ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። የጃርት ሆድ ግን ወተትን አይፈጭም፤ ያስቀምጣታል፤ ከዚያ ውሃ አልቆባት ልትሞት ትችላለች። ትልቋ ልጃችን ደግሞ በመግቢያው ላይ ሁለት የሣር አገዳዎች አቆመች። አገዳው ከወደቀ ወጥታለች፣ ከቆመ ተኝታለች። በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ሳይሄዱ አገዳውን ማየት የቤቱ ሕግ ሆነ።

አንድ ነገር መለየት ግን ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት ጃርት በቀን፣ በፀሐይ ሜዳ ላይ ተዘርግታ ወይም እየተንገዳገደች ከታየች ታማለች ወይም ሰውነቷ ለክረምቱ አልበቃም። 450 ግራም እንኳ ያልሞላች ጃርት እንቅልፉን ችላ የምትወጣበት ዕድል ትንሽ ነው። ያኔ ከፍ ባለ ካርቶን ውስጥ፣ በፎጣ በተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ከረጢት አጠገብ አስቀምጦ ወዲያው ለጃርት ሐኪሞች መደወል ነው። በእንግሊዝ አገር ይህን በፈቃደኝነት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የብሪታኒያ የጃርት ጥበቃ ማኅበር ከተቋቋመ ከ1982 ጀምሮ አርባ ዓመት አልፎታል። አንድ አገር ለጃርት ማኅበር ማቋቋሙ ለእኛ ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያት አላቸው። በ2020 በወጣው መዝገብ ይህች እንስሳ በብሪታኒያ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው አጥቢ እንስሳት መካከል ተቆጥራለች። በ2022 የወጣ ሪፖርት ደግሞ በገጠሩ ከ2000 ወዲህ ቁጥሯ እንደየአካባቢው ከ30 እስከ 75 በመቶ መቀነሱን አስታውቋል። የእርሻ ዳር ቁጥቋጦ ተነቀለ፤ ነፍሳቱ በመድኃኒት አለቁ፤ መኪናው በዛ። በከተማ ደግሞ ጓሮው በሲሚንቶና በፕላስቲክ ሣር ተሸፈነ፤ አጥሩም ክፍተት አልባ ሆነ። በአንድ ሌሊት አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር እየዞረች ለምትለቅም እንስሳ ክፍተት የሌለው አጥር እስር ቤት ነው።

ይህ የፕላስቲክ ሣር ነገር በእኛም ደጃፍ ደረሰ። በጥር ወር መጀመሪያ በረዶው ገና በጣሪያው ላይ ሳለ ቤቱን ያከራየን ሰው ስልክ ደወለ። በየካቲት ሠራተኞች መጥተው አሮጌውን ጎጆ ያፈርሳሉ፣ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፣ አጥሩን ይቀይራሉ፣ ሜዳውንም ያነጥፋሉ አለን። ለእኛም አስቦ ነው፤ ጎጆው በእርግጥ በስብሷል። ከሌላ ዓመት ቢሆን ደስ ይለን ነበር።

ያን ምሽት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ተመካከረ። ተከራይ ሆኖ በሰው ንብረት ላይ መከራከር ቀላል አይደለም፤ በስደት አገር ደግሞ ሰው ባከራዩ ፊት ዝም ማለትን ይመርጣል። ቤት ኪራይ በየጊዜው በሚጨምርበት ከተማ «ለጃርት ብላችሁ?» የሚለን ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ግን ጎጆው በየካቲት ከፈረሰ እርሷ የምትነቃው ስንቋ ባለቀበት፣ ቅጠል በበሰበሰበት፣ ነፍሳት በሌሉበት ሰዓት ነው። ሁለተኛ ቤት ለመሥራት ጉልበት አይኖራትም። አያታቸው «የተኛን ቀስቅሶ ማባረር ምን ዓይነት ሥራ ነው? እኔ አነጋግረዋለሁ» ቢሉም እንግሊዝኛው ስለማይሆንላቸው ደብዳቤ ጻፍን። ሥራው ይቅር አላልንም፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይቆይ፣ አጥሩም ሲታጠር ከስሩ 13 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይተውለት አልን። ይህ ልክ ለጃርት የሚበቃ፣ አብዛኞቹን ውሾች ግን የማያሳልፍ ነው። ጎረቤታችንም በራሳቸው እጅ ሁለት መስመር ጨመሩበት።

አሥር ቀን መልስ አልመጣም። በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለና ሠራተኞቹን ለሌላ ቤት እንዳዛወራቸው ነገረን። «እስከ ሜይ እንጂ ከዚያ አልጠብቅም» አለ። አልሐምዱሊላህ አልን።

በ2025 ረመዳን የገባው በማርች መጀመሪያ ነበር። ለሱሑር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስንነሳ ቀድመው የሚነሱት አያታቸው ናቸው፤ ምድጃ ሳይለኩሱ በፊት መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓሮ ያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አገዳው እንደቆመ ነበር። ልጆቹ ሞታ ይሆን እያሉ ይጨነቁ ጀመር፤ እኛም በሆዳችን ሳንሰጋ አልቀረንም፤ ምክንያቱም የሚተኙት ሁሉ አይነቁም፤ በተለይ የመጀመሪያ ዓመት ግልገሎች ብዙዎቹ እዚያው ይቀራሉ። ከቅጠሉ ስር እጅ ሰዶ ማየት ግን የማይታሰብ ነው፤ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን።

ከዕለታት አንድ ሌሊት፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለናል፣ አያታቸው ከኩሽና «ኑ! ኑ! ድምፅ እንዳታሰሙ» ብለው በሹክሹክታ ጠሩን። አገዳዎቹ ወድቀዋል። ጃርቷ ከሳህኑ አጠገብ ቆማ እያንኮሻኮሸች ትበላ ነበር። እሾሁ ሰፋ ያለ ካፖርት የለበሰች እስኪመስል ድረስ ሰውነቷ ከውስጥ ቀንሷል። «ከስታለች፣ የኔ እናት» አሉ አያታቸው። ትንሹ ልጃችን ሌላ ሳህን ይጨመርላት አለ፤ ጨመርንላት። እኛም ሱሑራችንን በችኮላ በላን፤ ፈጅር ሊገባ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር።

አያታቸው በሚያዝያ ወደ ደሴ ተመለሱ። ሠራተኞቹ በሜይ ሁለተኛ ሳምንት መጡ። ጎጆውን ከማንሳታቸው በፊት ትልቋ ልጃችን ከስሩ በባትሪ አይታ ባዶ መሆኑን አረጋገጠች፤ እነርሱም ቆመው ጠበቋት። የቅጠሉ ድርብርብ ሲገለጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ሠራተኛ በስልኩ ፎቶ አነሳው። የፕላስቲክ ሣሩ ነገር አልቀረም፤ ግማሹን ጓሮ ሸፍነውታል። ከኋላ ያለውን ሦስት እርምጃ ያህል መሬት ግን ተዉልን፤ የጎጆውን ጣውላም እዚያው ከምረን ቅጠል አልብሰነዋል። አዲሱ አጥር ሲቆም የቀዳዳውን ልክ የለካው ትንሹ ልጃችን በትምህርት ቤት ማስመሪያው ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አነሰ ብሎ አናጢውን እንደገና አስቆረጠው።