ገመዱን ሳንለቅ

እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የሆንን ወንድሞችና እህቶች ከጸሎት በኋላ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ብርና ስለ ኮምፒውተር ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በኋላም ከ100 ብር በላይ ሆነ። የዊንዶውስ ፈቃድ በዶላር የሚከፈል ነው። ስለዚህ አንዳንዶቻችን፣ "ሊኑክስ ይሻላል፤ ለፈቃዱ አይከፈልም፣ ኮዱንም ያሻሻለ ሰው ሲያሰራጨው ለሌላው ያካፍላል" እንላለን። በነጻ ስለ መቀበልና ስለ መስጠት ጌታ ያስተማረንን ያስታውሰናል። ሌሎቻችን ደግሞ፣ "ሰው ማሠልጠን ገንዘብ ይፈልጋል፤ የተመኑ ለውጥም ቡናና ሰሊጥ ለሚልኩት ይጠቅማል" እንላለን። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል።

ከሞጣ ወርዶ ዓባይን የሚሻገር ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ በወዲህና በወዲያ ዳር የቆሙ ሰዎች መንገደኛውን በገመድ እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ገመዱን የያዙት ፊት ለፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቢለቅ የሚወድቀው መካከል ላይ ያለው ነው።

ዛሬም መካከል ላይ ያለው ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወገናችን ነው። እንግዲህ እንከራከር፤ ነገር ግን ስድብ አፋችን ላይ ሲደርስ እርሱን እናስብ። ከክርክሩም በኋላ አንዳችን ለሌላው እንጸልይ፤ የጎደለበትን ጎረቤትም አብረን እንጠይቅ። ጌታ ይርዳን። አሜን።